ለሞተር ድራይቭ የሚላኩ ስምንት ባይቶች

ዛሬ በብዙ ፋብሪካ ትልልቅ ፓምፖችና ማራገቢያዎች በቀጥታ ከመብራት መስመር ጋር አይገናኙም። በመካከል ድራይቭ አለ፤ ብዙ ባለሙያዎች ኢንቨርተር የሚሉት ሣጥን። በ50 ኸርዝ የሚመጣውን ኤሌክትሪክ ወደ ዲሲ ይለውጥና ሞተሩ በሚፈለገው ፍጥነት እንዲዞር በሌላ ፍሪኩዌንሲ መልሶ ያወጣዋል። ይህን ለማድረግ ከረንቱን፣ ቮልቴጁንና የራሱን ሙቀት ያለማቋረጥ መለካት አለበት። ሞተሩ ምን ላይ እንዳለ ከድራይቩ የበለጠ የሚያውቅ ዕቃ በፋብሪካው ውስጥ አይገኝም።

የሚያውቀውን ሁሉ ፓራሜትር በሚባሉ ባለቁጥር ቦታዎች ያስቀምጣል። ቴክኒሺያን የፓኔሉን በር ከፍቶ ከትንሿ ስክሪን ሊያነባቸው ይችላል። ሥራውን የሚመራው ፒኤልሲ ግን በኔትወርኩ መልእክት ልኮ መጠየቅ አለበት። ይህን መልእክት በትክክል ማዘጋጀት ተገቢውን ክብር ያላገኘ ሙያ ነው ብዬ አምናለሁ።

በስፋት ከሚሠራባቸው የመጠየቂያ ስልቶች አንዱ፣ ሞዲኮን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1979 ለራሱ ፒኤልሲዎች ያወጣው ሞድባስ ነው። የኤቢቢን ኤሲኤስ 550 ድራይቭ እንውሰድ። ፓራሜትር 0103 ወደ ሞተሩ የሚወጣውን ፍሪኩዌንሲ፣ 0104 ደግሞ ከረንቱን ይይዛል። ሁለቱን ለማንበብ ስምንት ባይት ይበቃል። የመጀመሪያው ባይት የድራይቩ አድራሻ ነው፤ 5 እንበል። ሁለተኛው 3 ሲሆን ትርጉሙ «ሬጅስተር አንብብ» ነው። ቀጣዮቹ ሁለት ከየት እንደሚጀመር፣ ከእነሱ በኋላ ያሉት ሁለት ደግሞ ስንት ሬጅስተር እንደሚነበብ ይናገራሉ። የመጨረሻዎቹ ሁለት መልእክቱ በመንገድ ላይ እንዳልተበላሸ የሚያረጋግጥ ስሌት ናቸው። ድራይቩ 500 እና 123 ብሎ ይመልሳል። ነጥቡ በሽቦ አይላክም፤ 50.0 ኸርዝና 12.3 አምፔር መሆኑን ማወቅ ያለበት ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው «ከየት ይጀመር» የሚለው ላይ ነው። የድራይቩ መመሪያ ፓራሜትር 0103ን ሬጅስተር 40103 ይለዋል። የፊቱ 4 የሬጅስተሩን ዓይነት ብቻ ስለሚያመለክት ከመልእክቱ ጋር አይጓዝም። በሽቦው ላይ ቆጠራ ከዜሮ ስለሚጀምር ደግሞ የሚላከው 103 ሳይሆን 102 ነው። አንዳንዱ የፒኤልሲ ሶፍትዌር አንዷን ራሱ ይቀንሳል፣ ሌላው አይቀንስም። በስህተት 103 ቢላክ ድራይቩ ቅሬታ አያሰማም፤ የተጠየቀውን ከረንት ይሰጣል፣ የኦፕሬተሩ ስክሪንም 12.3 ኸርዝ ያሳያል። ሊታመን የሚችል ቁጥር ነው፤ የሚያስፈራኝም ለዚህ ነው። የሌለ ሬጅስተር ቢጠየቅ ኖሮ ድራይቩ የስህተት ኮድ 2 መልሶ ጥፋቱ በዚያው ሰዓት ይታወቅ ነበር።

በኢተርኔት/አይፒ ኔትወርክ ላይ የአጠያየቁ መልክ ይለያል። ለሮክዌሉ ፓወርፍሌክስ 525 መልእክቱ አገልግሎት 14፣ ክላስ 15፣ ኢንስታንስ የፓራሜትሩ ቁጥር፣ አትሪቢዩት 1 ተብሎ ይሞላል። ፓራሜትር 1 የሚወጣው ፍሪኩዌንሲ ነው፤ እዚህ ግን 50 ኸርዝ የሚመጣው 5000 ሆኖ ነው። በሮክዌል ሶፍትዌር የክላሱ ሣጥን ቁጥር የሚቀበለው በ16 መሠረት ሲሆን የኢንስታንሱ በተለመደው በ10 መሠረት ነው። ክላሱ ላይ 15 ብሎ የጻፈ ሰው ሳያውቀው 21ን ጠይቋል።

ጊዜም መታሰብ አለበት። በተከታታይ ሽቦ በሚሄደው ሞድባስ ላይ በአንድ ጊዜ የሚናገረው አንድ ብቻ ነው። በሰከንድ 9600 ቢት ፍጥነት የላይኛው ጥያቄና መልስ ብቻውን 20 ሚሊሰከንድ ያህል ይወስዳል፤ በመካከል ያለው ዝምታና ድራይቩ የሚያስብበት ጊዜ ሳይቆጠር። አሥር ድራይቮች ካሉ እያንዳንዱ ተራውን ይጠብቃል። ስለዚህ ቀጣዩ መልእክት የሚላከው የቀደመው መጠናቀቁ ወይም መክሸፉ ሲታወቅ ነው። የአደጋ ጊዜ ማቆሚያ በዚህ መንገድ ላይ በፍጹም አይጣልም።

ማንበብ ድራይቩን አይጎዳም፤ መጻፍ ግን ሊጎዳ ይችላል። በብዙ ድራይቮች ላይ ፓራሜትር ሲቀየር ለውጡ መብራት ሲጠፋም በማይጠፋ ሜሞሪ ላይ ሊቀመጥ ይችላል። እንዲህ ያለ ሜሞሪ የመጻፊያ ዕድሜው የተወሰነ ነው። 100,000 ጊዜ የሚችለው በየሰከንዱ ቢጻፍበት 28 ሰዓት እንኳ አይሞላም። የሚደጋገም ለውጥ ወደ ጊዜያዊው ሜሞሪ ብቻ የሚገባበትን መንገድ ከመመሪያው ፈልጎ ማግኘት የግድ ነው።

መልእክት አዘጋጅቶ የጨረሰ ሰው በመጀመሪያ የሚያነበው የማይለዋወጥ ቁጥር ቢሆን ይመረጣል። በኤሲኤስ 550 ላይ ፓራሜትር 9908 ድራይቩ ሲተከል የተሞላለትን የሞተሩን መደበኛ ፍጥነት ይይዛል፤ በሽቦው ላይ አድራሻው 9907 ነው። የሞተሩ ኔምፕሌት 1450 እያለ ስክሪኑ 1450 ካሳየ አድራሻውም ሆነ የቁጥሮቹ ቅደም ተከተል ልክ ነው። ከዚያ በኋላ ከረንቱን ማንበብ ይቻላል።