በስክሪኑ ላይ ሽሮ ምን ይመስላል?

የአውሮፕላን ማረፊያ ፈታሽ ሻንጣችንን አያይም፤ የሚያየው ስክሪን ነው። በዚያ ስክሪን ላይ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ሳሙና፣ መጽሐፍና ዳቦ ቆሎ ሁሉም ቀለማቸው አንድ ነው፤ ብርቱካናማ። አብዛኛው ፈንጂም ቀለሙ ያው ነው። «ምን ቢያዩበት ነው የሚበረብሩት?» እያለ የሚናደድ ተሳፋሪ ይህችን አንዲት ነገር ቢያውቅ ግማሹ ንዴት ይቀርለት ነበር። ሌላው ግማሽ የሰልፉ ርዝመት ነው፤ ለእሱ ማሽኑም መድኃኒት የለውም።

ሻንጣው እርሳስ የተቀላቀለበትን የጎማ መጋረጃ ገፍቶ ሲገባ የሚያልፍበት ጨረር፣ ሐኪም ቤት ደረታችንን ከምንነሣበት ኤክስሬይ ጋር ዘሩ አንድ ነው። ልዩነቱ የሻንጣው ማሽን ጨረሩን በሁለት ጉልበት፣ ከፍ ባለውና ዝቅ ባለው፣ ለይቶ መለካቱ ነው። ዕቃው ከሁለቱ ጨረሮች ምን ያህሉን ውጦ እንዳስቀረ ሲነጻጸር፣ ከምን እንደተሠራ ይታወቃል። ካርቦን፣ ሃይድሮጂን፣ ኦክስጂንና ናይትሮጂን የሚበዛበት ነገር፣ ማለትም ምግብ፣ ጨርቅ፣ ወረቀት፣ ፕላስቲክ፣ ውሃ፣ ብርቱካናማ ሆኖ ይወጣል። ብረትና መዳብ ሰማያዊ ናቸው። መሐል ላይ ያሉት፣ እንደ አሉሚኒየምና ጨው ያሉት፣ አረንጓዴ ይሆናሉ። ጨረሩ ጨርሶ ሊያልፍበት ያልቻለው ደግሞ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ፈታሽ ከሁሉ የሚጠላው ይህን ጥቁር ነው፤ ከጀርባው ምን እንዳለ አይታየውምና ሻንጣው ይከፈታል።

እንግዲህ የእኛን ሰው ሻንጣ በዚህ ዓይን እንየው። ሦስት ኪሎ ሽሮ በፌስታል ላይ ፌስታል ተደርቦለት፣ እንዳይፈስ በፕላስተር ጥምጥም ተደርጎ፣ ጡብ አክሎ ይቀመጣል። ቦታ እንዳይባክን ተብሎ በጎኑ የስልክ ቻርጀር፣ ፓወር ባንክና የጆሮ ማዳመጫ ይወተፋል። እናት በፍቅር ያሰናዳችው ስንቅ ነው። ስክሪኑ ላይ ግን የሚታየው ወጥና ጥቅጥቅ ያለ ብርቱካናማ ጡብ፣ በላዩ የተጠማዘዘ ሽቦ፣ ከሽቦው አጠገብ ባትሪ ነው። ፈታሹ እንዲጠረጥር የሠለጠነበት ቅርጽ ከዚህ ብዙም አይርቅም። ሽሮውን በሚጫነው ሻንጣ፣ ሽቦና ባትሪውን በእጅ ሻንጣ ለብቻው በአንድ ኪስ ያደረገ ሰው፣ ፈታሹ ዕቃውን እያወጣ ጠረጴዛ ላይ ሲደረድርበት ቆሞ ከማየት ይድናል።

ወደ አሜሪካ ለሚሄድ ሰው ይህ ምክር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2018 አጋማሽ ወዲህ ወደዚያ በሚበሩ አውሮፕላኖች፣ ከ350 ሚሊ ሊትር የሚበልጥ ዱቄት በእጅ ሻንጣ የያዘ ሰው ለተጨማሪ ምርመራ ይዳረጋል፤ ምንነቱ ካልተረጋገጠ ዱቄቱ መንገደኛው ካለበት ክፍል አይገባም። መጠኑ ከአንድ ቆርቆሮ ለስላሳ አይበልጥም። በሶ፣ በርበሬ፣ የተፈጨ ቡና፣ ከገዳም የመጣ እምነት፣ ሁሉም ዱቄት ነው።

ስለ ፈታሹም አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ማሽኑ ራሱ ፈታሹን ይፈትነዋል። በብዙ ማረፊያዎች ሶፍትዌሩ በየመሐሉ በእውነተኛው ሻንጣ ምስል ውስጥ የውሸት ሽጉጥ ወይም ቦምብ ይጨምርና ሠራተኛው ማየት አለማየቱን ይመዘግባል። ዓይን ስለሚደክምም የአውሮፓ ኅብረት ደንብ አንድ ሰው ስክሪኑ ላይ ከ20 ደቂቃ በላይ ሳያቋርጥ እንዳይቀመጥ ያዛል። ወንበሩ ላይ ሰው ሲቀያየር እያየን «ሥራ ጠልተው ነው» የምንለው፣ እንግዲህ፣ ትእዛዝ ሲፈጽሙ ነው።

የፈሳሹ ነገር ሌላ ታሪክ አለው። በነሐሴ 2006 (እ.ኤ.አ.) የእንግሊዝ ፖሊስ አትላንቲክን የሚያቋርጡ አውሮፕላኖችን በለስላሳ ጠርሙስ በተሞላ ፈሳሽ ፈንጂ ለማጋየት ያሴሩ ሰዎችን ያዘ። የዚያን ጊዜው ኤክስሬይ ውሃን ከአደገኛ ፈሳሽ በአስተማማኝ ሁኔታ መለየት ስለማይችል መንግሥታት መጠኑን ወሰኑ፦ እያንዳንዱ ዕቃ ከ100 ሚሊ ሊትር ሳይበልጥ፣ ሁሉም አንድ ሊትር በሚይዝ ግልጽ ከረጢት። የሚለካው የዕቃው መያዣ ነው፤ በ200 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ውስጥ የቀረች ጉንጭ ውሃም አታልፍም። ፈሳሽ የሚባለውም የሚጠጣው ብቻ አይደለም። ማር ፈሳሽ ነው። ንጥር ቅቤ ፈሳሽ ነው። አዋዜ፣ የፀጉር ቅባት፣ የጥርስ ሳሙና፣ በሃይላንድ ጠርሙስ የተያዘ ጠበልም ፈሳሽ ናቸው፤ ፈታሹ ቅድስናውን አይክድም፣ ሚሊ ሊትሩን ነው የሚጠይቀው። የሕፃን ወተትና የታማሚ መድኃኒት ግን ከዚህ ውጭ ናቸው፤ ሳይጠየቁ አውጥቶ ማሳየት ነው።

አሁን ሐኪም ቤት የምናውቀው የሲቲ ስካን ቴክኖሎጂ ወደ ፍተሻው እየገባ ነው። ሻንጣውን ዙሪያውን አንሥቶ ባለ ሦስት አውታር ምስል ስለሚሰጥ፣ ማሽኑ ባለበት ቦታ ላፕቶፕም ፈሳሽም ከሻንጣ ማውጣት እየቀረ ነው። ችግሩ ሕጉ ከማረፊያ ማረፊያ መለያየቱ ነው። አንዱ ጋ ያለፈ ጠርሙስ ትራንዚት በሚደረግበት ሌላው ጋ ሊነጠቅ ይችላል። ከቀረጥ ነፃ ሱቅ የተገዛ መጠጥም እንዲሁ፤ የታሸገበት ልዩ ከረጢት የመጨረሻው መድረሻ ሳይደርስ ከተከፈተ ወይም ደረሰኙ ከጠፋ ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ነው የሚያርፈው።

ሰውየው ራሱ የሚያልፍበት በር ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው። የቆየው የብረት ጠቋሚ ነው፤ መግነጢሳዊ ኃይል ይልክና ብረት ሲያገኝ ይጮኻል። አሜሪካ እያንዳንዱ መንገደኛ እንዲፈተሽ ያስገደደችው የአውሮፕላን ጠለፋ በበዛበት ዘመን፣ በጥር 1973 (እ.ኤ.አ.) ነው። ሁለተኛው እጅ ወደ ላይ ተነሥቶ የሚቆምበት ስካነር ነው፤ በራዲዮ ዓይነት ሞገድ ልብስ አልፎ ሰውነት ላይ ያለን ባዕድ ነገር ይፈልጋል። ይህኛው የተስፋፋው በታኅሣሥ 2009 (እ.ኤ.አ.) አንድ ወጣት ከአምስተርዳም ወደ ዲትሮይት በሚበር አውሮፕላን ላይ በውስጥ ልብሱ የደበቀውን ፈንጂ ለማፈንዳት ከሞከረ በኋላ ነው። ስካነሩ ብረትን ብቻ ሳይሆን ውፍረትንም ስለሚያይ ወፍራም ሹሩባ፣ ጥምጥም፣ የነጠላ እጥፋት ያስጠረጥሩታል። ፀጉሯን በእጅ የተነካችው እህታችን ተለይታ የተጠላች ሊመስላት ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ስክሪኑ ላይ ራስ አካባቢ ምልክት የጣለው ማሽኑ ነው። ያም ሆኖ የማሽኑ ጥፋት በተደጋጋሚ በጥቁር ሰው ፀጉር ላይ መውደቁ ሠሪዎቹን ሊያሳፍራቸው ይገባል።

የጫማው ጣጣም ከአንድ ሰው የመጣ ነው፦ በታኅሣሥ 2001 (እ.ኤ.አ.) ከፓሪስ ወደ ማያሚ ሲበር ጫማው ውስጥ ያለውን ፈንጂ ሊለኩስ የሞከረው ሪቻርድ ሪድ። አሜሪካ በሐምሌ 2025 (እ.ኤ.አ.) ጫማ የማስወለቁን ግዴታ አነሣች፤ ሌላው አገር በየራሱ ሕግ ይሄዳል።

ይህ ሁሉ ማሽን ሁሉን ይይዛል ማለት ግን አይደለም። በኅዳር 1996 (እ.ኤ.አ.) ከቦሌ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 961 ሲጠለፍ፣ ጠላፊዎቹ የያዙት መጥረቢያና የእሳት ማጥፊያ ከአውሮፕላኑ ውስጥ የተወሰዱ ነበሩ። ካፒቴን ልዑል አባተ ነዳጅ ያለቀበትን አውሮፕላን ኮሞሮስ ዳርቻ ባሕር ላይ ሲያሳርፍ ከ175ቱ ተሳፋሪና ሠራተኛ 125ቱ ሞቱ።

ከፍተሻው ሌላ ተሳፋሪን የሚያስጨንቀው ትልቅ ማረፊያ ውስጥ መንገድ መጥፋት ነው፤ ይህም ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከቤት፣ ከሰዓቱ ነው። ቲኬት ላይ «ማክሰኞ 01:30» ከተባለ በእኛ አቆጣጠር ሌሊት ሰባት ሰዓት ተኩል፣ ለማክሰኞ አጥቢያ ማለት ነው። ስለዚህ ቦሌ መገኘት ያለበት ሰኞ ማታ አራት ሰዓት ተኩል ግድም ነው። ማክሰኞ ማታ ሻንጣውን ጎትቶ የመጣ ሰው ሲደርስ ያ አውሮፕላን የሄደበት አገር ደርሶ አርፏል። በዚህ የተጃጃለው ብዙ ነው። ቦርዲንግ ፓሱ ላይም ሁለት ሰዓት አለ፦ መሳፈሪያና መነሻ። የሚታመነው የመሳፈሪያው ነው፤ በሩ ከመነሻው ሰዓት በፊት ይዘጋልና።

ቦሌ ላይ የመጀመሪያው ፍተሻ ገና ከተርሚናሉ በር ይጀምራል፤ ሸኚ ወደ ውስጥ ስለማይገባ ልቅሶውም ምርቃቱም ደጅ ማለቅ አለበት። ቦሌ በጥር 2011 ዓ.ም. ማስፋፊያው ሲመረቅ በዓመት 22 ሚሊዮን መንገደኛ እንዲያስተናግድ ሆኖ ነው። ውስጡ ግን እንደነ ፍራንክፈርት አያደናግርም። ፍራንክፈርት ላይ ኤ እና ዜድ የተባሉት የመሳፈሪያ በሮች (ጌቶች) አንድ ሕንፃ ውስጥ ሆነው ፎቃቸው ብቻ ይለያያል፦ ኤ ለሸንገን አገሮች፣ ዜድ ከሸንገን ውጭ ለሚሄድ። በሁለቱ መካከል የፓስፖርት ቁጥጥር አለ። ከአዲስ አበባ በፍራንክፈርት በኩል ስቶክሆልም የሚሄድ ሰው ኢሚግሬሽን የሚያልፈው ስቶክሆልም ሳይሆን እዚያው ፍራንክፈርት ላይ ነው፤ ስለዚህ ትራንዚቱ ሁለት ሰዓት ቢሆንም የሚቀረው ጊዜ ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። አሜሪካ ደግሞ ትራንዚት ብሎ ነገር እምብዛም የለም። ዋሽንግተን ደርሶ ወደ ሌላ ከተማ የሚቀጥል ሰው መጀመሪያ ኢሚግሬሽን ያልፋል፣ ሻንጣውን ተቀብሎ በጉምሩክ ያሳልፋል፣ መልሶ ያስረክባል፣ እንደገና ይፈተሻል። በ1962 (እ.ኤ.አ.) የተከፈተው የዋሽንግተኑ ደለስ ማረፊያማ ከዚህ በላይ የራሱ ጉድ አለው፤ ከምድር ከፍ ብሎ በጎማ የሚሄድ ትልቅ ሳሎን መሰል ተሽከርካሪ ከውጭ የገባውን መንገደኛ ጭኖ ወደ ኢሚግሬሽን አዳራሹ ያደርሳል። አውቶቡስ ነው ብሎ ወደ ከተማ የሚወስዱት የመሰለው ሰው ቢኖር አይገርምም።

ምልክት ማንበብ ግን እንደሚፈራው አይከብድም። የጌቱ ፊደል ክንፉን ይናገራል፣ ቁጥሩ በክንፉ ውስጥ ያለውን ቦታ። አምስተርዳም ላይ ከ1967 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ወደ አውሮፕላን የሚመራው ሰሌዳ ቢጫ ነው፤ ይህን የዘረጋው ቤኖ ዊሲንግ የተባለ ንድፍ ሠሪ ነበር፤ ሌሎች ማረፊያዎችም ተከትለውታል። ቢጫውን እየተከተሉ ሽቶና ቸኮሌት ቤቱን ማለፍ ነው። ጌት ስለሚቀየርም ቦርዲንግ ፓሱን ብቻ ሳይሆን በየአዳራሹ የተሰቀለውን ስክሪን ማየት ያስፈልጋል። ወደ አሜሪካ በሚሄድ ቦርዲንግ ፓስ ላይ ኤስ የሚለው የእንግሊዝኛ ፊደል አራት ጊዜ ተደርድሮ ከታየ፣ ባለቤቱ ለተጨማሪ ፍተሻ ተመርጧል ማለት ነውና ጌቱ ጋ ቀደም ብሎ መገኘት ይበጀዋል።

ቋንቋ የማይችሉ እናቶችና አባቶች ልጆቻቸውን ሊጠይቁ ብቻቸውን ሲሄዱ ልጆች ዊልቸር የሚጠይቁላቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ገፊው ሠራተኛ ከፍተሻ እስከ ጌት፣ ከጌት እስከ ሻንጣ መረከቢያ ያደርሳቸዋል፤ አገልግሎቱም በነፃ ነው። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ ከበረራው 48 ሰዓት አስቀድሞ ማሳወቅ ያስፈልጋል። በእናት ቦርሳ ውስጥ የበረራ ቁጥሩን፣ የሚቀበላትን ሰው ስልክና የምትወስደውን መድኃኒት በእንግሊዝኛ የጻፈ አንድ ወረቀት ማኖር ደግሞ ከዊልቸሩ እኩል ይጠቅማል።

የቀረው አደራ ነው። በሚያዝያ 1986 (እ.ኤ.አ.) ለንደን ሒትሮው ላይ ወደ እስራኤል ልትበር የመጣች ነፍሰ ጡር አየርላንዳዊት፣ እጮኛዋ በሰጣት ሻንጣ ውስጥ ቦምብ መኖሩን አታውቅም ነበር። የያዟት የኤል አል ፈታሾች በጥያቄ ተጠራጥረው ነው። «ሻንጣህን ማን አሰናዳው? ሰው የሰጠህ ዕቃ አለ?» የሚለው ጥያቄ ለምን እንደሚጠየቅ ይህ ታሪክ ይበቃል። ለእኛ ሰው ቦምቡ ባይሆንም ጫቱ፣ ቋንጣው፣ ስሙ ያልታወቀ ኪኒኑ አለ። ጫት በአሜሪካም፣ በእንግሊዝም፣ በሳውዲም፣ በኤምሬትስም ወንጀል ነው፤ ቋንጣን የአውሮፓም የአሜሪካም ጉምሩክ ይወስዳል። ፓወር ባንክ በሚጫን ሻንጣ አይላክም። «ለእከሌ ይህችን አድርስልኝ» የተባለ ሁሉ በተሸካሚው ስም ነው የሚመዘገበው። ስለዚህ አደራ ስትቀበሉ የታሸገውን አስከፍታችሁ፣ አንድ በአንድ አይታችሁ፣ በእጃችሁ መልሳችሁ አሽጉት፤ ላኪው ይህን ካልወደደ ዕቃውን አትያዙ።