ሽታውን እረኛው ያውቃል፣ ደሙን ማን ይየው?

የቦረናና የሶማሌ ግመል አርቢ ሱራ የተባለውን የግመል በሽታ ለመለየት ማይክሮስኮፕ አይጠብቅም። ግመሏ የሸናችበትን አሸዋ በእጁ ዘግኖ ያሸታል። ሽታው ከወትሮው ከተለየ፣ ሻኛዋም ከሟሸሸና ከመንጋው ወደ ኋላ መቅረት ከጀመረች በሽታው እንደያዛት አይጠራጠርም። ይህ ዕውቀት ሊከበር ይገባዋል። ግን ብቻውን አይበቃም፤ ድርቅና የሆድ ትላትልም ግመልን ያከሳሉ።

የሱራ መንስኤ ትራይፓኖሶማ ኢቫንሲ የተባለ የደም ጥገኛ ነው። በ1880 እ.ኤ.አ. ፑንጃብ ውስጥ በታመሙ ፈረሶችና ግመሎች ደም ያገኘው የእንስሳት ሐኪሙ ግሪፊዝ ኢቫንስ ነበር፤ አለቆቹ ግን ገዳዩ ይህ ነው ሲላቸው አልተቀበሉትም። ከብት ላይ ገንዲ የሚያመጡት ዘመዶቹ በአብዛኛው ቆላ ዝንብን ይሻሉ። ይህኛው አይሻም፤ ደም የሚመጥጡ ሌሎች ተናካሽ ዝንቦች ከአንዷ ግመል ወደ ሌላዋ በአፋቸው ያሻግሩታል። ቆላ ዝንብ በሌለበት የአፋር በረሃም ግመል የሚታመመው ለዚህ ነው።

ምርመራውን የሚያከብደው ተሕዋሱ ራሱ ነው። የላይ ሽፋኑን እየለዋወጠ ከሰውነት መከላከያ ስለሚያመልጥ፣ በደም ውስጥ ያለው ቁጥር አንዴ ይንራል፣ አንዴ ይወርዳል። በሽታው ሲቆይማ በአንድ ጠብታ ደም ፈልጎ ማጣት የተለመደ ነው። «አልታየም» የሚል ውጤት «ነፃ ናት» ተብሎ ሲነበብ ግን ግመሏ ወደ መንጋዋ ተመልሳ ለዝንቡ ምንጭ ትሆናለች።

ለወረዳ ክሊኒክ እኔ የምመርጠው ቀላሉን የሴንትሪፊውጅ ዘዴ ነው። ደሙ በቀጭን የመስታወት ቱቦ ተሞልቶ፣ አንድ ጫፉ ተደፍኖ፣ ለ5 ደቂቃ ያህል በኃይል ይሽከረከራል። ቀዩ ደም ወደ ታች፣ ፈሳሹ ወደ ላይ ይለያል፤ በመካከላቸው ነጣ ያለች ስስ ንጣፍ ትቀራለች። ተሕዋሱ ካለ እዚያ ጠርዝ ላይ ሲርገበገብ ይታያል። ያው ቱቦ የደም ማነሷንም ይናገራል። ሆኖም ተሕዋሱ ሳይሞት መታየት ስላለበት፣ ናሙናውን ሰበታ ወይም ያቤሎ ላቦራቶሪ ድረስ መላክ ለዚህ አይሆንም። መሣሪያው ከነባትሪው መንጋው ወደሚጠጣበት የውኃ ጉድጓድ መሄድ አለበት።

ሰውነት የሚያመነጨውን ፀረ እንግዳ አካል የሚፈልገው ፈጣን ምርመራም ይረዳል፤ ነገር ግን የተዘጋጀው ሮታት 1.2 የሚባለው የተሕዋሱ ሽፋን ታስቦ ነው። ይህ ሽፋን የሌለው ዓይነት ቢ የሚባለው ዝርያ ቀድሞ ኬንያ ውስጥ ይታወቅ ነበር፤ በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ደግሞ በኢትዮጵያ ግመሎችም መኖሩን አሳየ። ያን ዝርያ ይህ ምርመራ ሊስተው ይችላል። የዘር ቅንጣት ምርመራ ይለየዋል፣ ግን የላቦራቶሪ ሥራ ነው።

ሳይመረምሩ መድኃኒት መውጋት ጉዳቱ ብዙ ነው። ለከብት የለመድነው ዲሚናዚን መጠኑ ጥቂት ካለፈ ግመልን ይመርዛል። ሜላርሶሚን ለግመል ሱራ የተዘጋጀ መድኃኒት ቢሆንም፣ ያለ ምክንያት ሲሰጥ ያልቃል፣ ተሕዋሱም ይለምደዋል። ከሕክምና በኋላም ፀረ እንግዳ አካሉ ለወራት ስለሚቆይ የግመሏን መዳን የሚያረጋግጠው ደሙን ደጋግሞ ማየት ነው። ቀጠሮውም ክሊኒኩ በር ላይ ሳይሆን መንጋው ውኃ በሚጠጣበት ጉድጓድ ይያዝ።