በአደጋ ምክንያት የሚደረግ ሠፈራ፦ አርሶ አደሩ ከመወሰኑ በፊት የሚመዝናቸው ስጋቶች

በሰሜን ወሎ ዞን የቆቦና የራያ ቆላማ አካባቢ ነዋሪዎች አደጋን በቅርብ ያውቁታል። የ1966 እና የ1977 ዓ.ም. ድርቆች በወሎ ከፍተኛ ዕልቂት አስከትለዋል። በ2013 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ደግሞ የበረሃ አንበጣ መንጋ ለአጨዳ የተቃረበ ሰብል አውድሟል። ያም ሆኖ የሠፈራ ሐሳብ ሲቀርብለት የሚያመነታው አርሶ አደር ጥቂት አይደለም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የማመንታቱን ምክንያት ማስረዳትና ከውሳኔ በፊት ሊጣሩ የሚገባቸውን ጉዳዮች ማመላከት ነው።

የሚታወቅና የማይታወቅ ስጋት

ለቆቦ አርሶ አደር ድርቅ የሚታወቅ ስጋት በመሆኑ መቋቋሚያ አበጅቶለታል። ከምዕራቡ ደጋ የሚወርደውን ጎርፍ በቦይ ጠልፎ የማሽላና የጤፍ ማሳውን ያጠጣል። አንድ በሬ ብቻ ያለው ከጎረቤቱ ጋር ተቀናጅቶ ያርሳል፤ ጉልበት ያጠረው ደቦ ይጠራል። በአዲሱ ሥፍራ ግን ቦዩም ጎረቤቱም አይኖሩም። በመሆኑም በአርሶ አደሩ ሚዛን ሠፈራ የሚያውቀውን ስጋት በማያውቀው መለወጥ ነው።

ካለፈው የተገኘ ትምህርት

በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. 600 ሺህ ገደማ ዜጎች፣ አብዛኞቹ ከወሎ፣ ወደ መተከል፣ ጋምቤላ፣ ወለጋ፣ ኢሉባቦርና ከፋ ተወስደዋል። ብዙዎች የሄዱት ያለፈቃዳቸው ነበር፤ ቤተሰብም ተለያይቷል። ወባ ሰውን፣ የገንዲ በሽታ ደግሞ ከብትን ጎድቷል። በርካቶችም ወደ ቀያቸው ተመልሰዋል።

በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የሠፈራ ፕሮግራም በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተና በየክልሉ ወሰን ውስጥ የሚፈጸም እንዲሆን ተደርጓል። የአማራ ክልል ሠፋሪዎች ከተመደቡባቸው አካባቢዎች መካከል መተማና ቋራ ይገኙበታል። ሠፋሪው በቀድሞ ቀበሌው ያለው የመሬት ይዞታ ለ3 ዓመት እንዲጠበቅለትም ታቅዶ ነበር። ይህ ለአርሶ አደሩ ትልቅ ትርጉም ያለው ጉዳይ ነው፤ አዲሱ ኑሮ ባይሳካ የመመለሻ መንገድ ይሰጠዋልና።

ከመመዝገብዎ በፊት የሚያጣሯቸው ጉዳዮች

• የአሁኑ የመሬት ይዞታዎ ምን ይሆናል? ለምን ያህል ጊዜስ ይጠበቃል? የይዞታ ማረጋገጫ ደብተርዎን ይዘው የወረዳዎን የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት በመጠየቅ ምላሹን በጽሑፍ ይቀበሉ።
• በአዲሱ ሥፍራ ስንት ሔክታር መሬት ይሰጣል? መሬቱን አስቀድሞ የሚጠቀምበት ነባር ማኅበረሰብ አለ? የእርሱስ ስምምነት ተገኝቷል?
• የመጀመሪያው ምርት እስኪሰበሰብ ድረስ ቀለብ፣ ዘርና የእርሻ በሬ ከየት ይገኛል?
• የወባና የካላ አዛር ሕክምና፣ የከብት ክትባት፣ ንጹሕ ውኃና ትምህርት ቤት ምን ያህል ይርቃሉ?
• መላው ቤተሰብ በአንድነት ይሄዳል?

ከተቻለ የአካባቢው ነዋሪዎች ከመካከላቸው ተወካዮችን መርጠው ሥፍራውን አስቀድመው እንዲያዩ ማድረጉ ይመከራል። ለእነዚህ ጥያቄዎች በቂ ምላሽ ሳያገኙ ለመወሰን አይቸኩሉ። ሠፈራ የሚጸናው ቤተሰቡ መክሮ በፈቃዱ ሲወስን ነው።