አራተኛው የኢትዮጵያ ሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት

አራተኛው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ከመስከረም 2003 ዓ.ም. እስከ 2007 ዓ.ም. መጨረሻ የሠራው የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕግ አውጪ ምክር ቤት ነው። አባላቱ የተመረጡት ግንቦት 15 ቀን 2002 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሜይ 23 ቀን 2010) በተካሄደው ጠቅላላ ምርጫ ሲሆን ቁጥራቸው 547 ነበር። ከእነዚህ ውስጥ 545ቱ የኢሕአዴግና የአጋሮቹ አባላት ነበሩ። የቀሩት ሁለት ወንበሮች የአንድ ተቃዋሚና የአንድ የግል ተመራጭ ነበሩ። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ሌላ ካልተገለጸ በቀር፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

አባላቱ እንዴት ተመረጡ

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 መሠረት የምክር ቤቱ አባላት በየአምስት ዓመቱ በሕዝብ በቀጥታ ይመረጣሉ። ቁጥራቸው ከ550 መብለጥ የለበትም፤ ከዚህም ውስጥ ቢያንስ 20 መቀመጫ በቁጥር አነስተኛ ለሆኑ ብሔረሰቦች ይያዛል። ሥርዓቱ ቀላል ነው። በአንድ የምርጫ ክልል ከተወዳደሩት መካከል ከሌሎቹ የበለጠ ድምፅ ያገኘው ያሸንፋል፤ ከግማሽ በላይ ማግኘት አይጠበቅበትም። ለተሸነፉት የተሰጠው ድምፅ ወደ ሌላ መቀመጫ አይዞርም።

የዚህ ውጤት በምሳሌ ቢታይ ይሻላል። አንድ ፓርቲ በሁሉም የምርጫ ክልሎች ከመቶ 55 ድምፅ ቢያገኝ፣ ተፎካካሪው ደግሞ በሁሉም ቦታ ከመቶ 45 ቢያገኝ፣ የመጀመሪያው ወንበሩን በሙሉ ይወስዳል፤ ሁለተኛው ባዶ እጁን ይቀራል። ስለዚህ የምክር ቤት ወንበር ብዛት የሕዝብን ድምፅ ክፍፍል በቀጥታ ያሳያል ብሎ ማንበብ ስህተት ነው። ይሁንና ለአራተኛው ምክር ቤት ገጽታ ሥርዓቱን ብቻ ምክንያት ማድረግም አይበቃም። በዚሁ ሥርዓት በ1997ቱ ምርጫ ቅንጅት 109፣ ኅብረት 52፣ የኦሮሞ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ንቅናቄ ደግሞ 11 መቀመጫ አግኝተው ነበር። ልዩነቱ የመጣው በሁለቱ ምርጫዎች መካከል ባለው የፖለቲካ ሁኔታ ነው። ከ1997 ምርጫ በኋላ የቅንጅት መሪዎች ታስረዋል፣ ፓርቲው ተከፋፍሏል፤ የሲቪል ማኅበራትንና የፀረ ሽብርተኝነትን ጉዳይ የሚመለከቱ ጥብቅ ሕጎችም ወጥተዋል። የአውሮፓ ኅብረት የምርጫ ታዛቢ ቡድን የ2002ቱ ምርጫ የውድድር ሜዳ እኩል አልነበረም ሲል መንግሥት ግን ይህን ግምገማ አልተቀበለውም።

የመቀመጫ ክፍፍል

ከ547ቱ መቀመጫ ኦሮሚያ 178፣ አማራ 138፣ የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል 123፣ ትግራይ 38፣ ሶማሌ 23፣ አዲስ አበባ 23፣ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ 9፣ አፋር 8፣ ጋምቤላ 3፣ ሐረሪ 2፣ ድሬዳዋ 2 ነበራቸው። ብዛቱ የሕዝብ ቁጥርን ስለሚከተል የኦሮሚያና የአማራ ተወካዮች ብቻ ተደምረው ከምክር ቤቱ ግማሽ በላይ ይሆናሉ።

ኢሕአዴግ (ሕወሓት፣ ብአዴን፣ ኦሕዴድና ደኢሕዴን) 499 መቀመጫ ያዘ። አጋር የሚባሉት ድርጅቶች 46 ነበራቸው፦ የሶማሌ ሕዝቦች ዴሞክራሲያዊ ፓርቲ 24፣ የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ሕዝቦች ዴሞክራሲያዊ ፓርቲ 9፣ የአፋር ብሔራዊ ዴሞክራሲያዊ ፓርቲ 8፣ የጋምቤላው ድርጅት 3፣ የሐረሪ ብሔራዊ ሊግና የአርጎባው ድርጅት አንድ አንድ። አጋሮቹ የግንባሩ ሙሉ አባል ባይሆኑም በምክር ቤት ድምፅ ሲሰጡ ከኢሕአዴግ ጋር ነበሩ።

ሴት አባላት 152 ነበሩ፤ ይህም 27.8 በመቶ ነው። በተከታዩ ዘመን ቁጥሩ ወደ 212 አድጓል።

ሁለቱ ወንበሮች

ብቸኛው የተቃዋሚ ተወካይ አቶ ግርማ ሰይፉ ከአዲስ አበባ የተመረጡ ሲሆን ፓርቲያቸው አንድነት ለዴሞክራሲና ለፍትሕ ፓርቲ በወቅቱ የመድረክ አባል ነበር። አዲስ አበባ በ1997 ዓ.ም. 23ቱንም ወንበር ለቅንጅት የሰጠች ከተማ መሆኗ ሲታወስ ለውጡ ምን ያህል እንደነበር ይታያል። በዚህ ጊዜ 22ቱ የኢሕአዴግ ሆነዋል። ብቸኛው የግል ተመራጭ ዶክተር አሸብር ወልደጊዮርጊስ ናቸው። ሐኪምና ቀደም ሲል የእግር ኳስ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት የነበሩት ዶክተር አሸብር የተመረጡት በከፋ ከቦንጋ ነው። በኋላም የኢትዮጵያ ኦሊምፒክ ኮሚቴን መርተዋል።

ከ547 ሁለት ወንበር 0.4 በመቶ ገደማ ነው። በዚህ ቁጥር አዋጅ ማስቆምም ሆነ ማዘግየት አይቻልም፤ ምልዓተ ጉባዔ የሚሞላው ከግማሽ በላይ አባላት (274) ሲገኙ፣ ውሳኔ የሚያልፈው በአብላጫ ድምፅ ነውና። የተቃዋሚው ድርሻ በአመዛኙ በቃለ ጉባዔ ላይ የተለየ ሐሳብ ማስመዝገብ ነበር። በዚያ ዘመን በዜና ላይ «በአንድ ተቃውሞ ጸደቀ» የሚል ሐረግ ሲሰማ ተቃዋሚው ማን እንደሆነ ስም መጥራት ብዙም አያስፈልግም ነበር።

በሕግ ደረጃ ግን አንድ አባል የፓርቲው ብቻ ተወካይ አይደለም። አንቀጽ 54 የምክር ቤቱ አባላት የመላው ሕዝብ ተወካዮች እንደሆኑ፣ ተገዢነታቸውም ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናቸው እንደሆነ ይደነግጋል። በምክር ቤት በሰጡት ድምፅ ወይም አስተያየት አይከሰሱም፤ እጅ ከፍንጅ ካልተያዙ በቀር ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ አይያዙም። መራጩ ሕዝብ አመኔታ ካጣባቸውም ከአባልነት ሊያወርዳቸው ይችላል። አንቀጹ ለ545ቱም ለሁለቱም እኩል ይሠራል፤ በተግባር ግን ከገዢው ወገን ወጥቶ ድምፅ መስጠት የተለመደ አልነበረም።

አመራርና ለውጦች

አፈ ጉባዔ ሆነው የተመረጡት የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትርና የኦሮሚያ ክልል ፕሬዚዳንት አባዱላ ገመዳ ናቸው። ከእሳቸው በፊት በሦስተኛው ዘመን ተሾመ ቶጋ፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዘመናት ዳዊት ዮሐንስ ይህን ቦታ ይዘው ነበር።

ጠቅላይ ሚኒስትሩ ከምክር ቤቱ አባላት መካከል መመረጥ አለበት። የአድዋ ተመራጭ የነበሩት መለስ ዜናዊ ነሐሴ 14 ቀን 2004 ዓ.ም. ሲያርፉ ይህ ድንጋጌ ክብደት አገኘ። ምክር ቤቱ በሕጉ ሥራ የሚጀምረው በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ፣ የሚዘጋው ደግሞ ሰኔ 30 ቀን በመሆኑ አባላቱ በዕረፍት ላይ ነበሩ። ከአንድ ወር በኋላ፣ መስከረም 11 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ ከመደበኛው መክፈቻ ቀድሞ በተጠራ ስብሰባ ኃይለማርያም ደሳለኝ ቃለ መሐላ ፈጸሙ። መስከረም 27 ቀን 2006 ዓ.ም. ደግሞ ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ተሰብስበው በግርማ ወልደጊዮርጊስ ምትክ ሙላቱ ተሾመን የአገሪቱ ፕሬዚዳንት አድርገው መረጡ።

የወጡ ሕጎችና ውሳኔዎች

የመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ በ2003 ዓ.ም. በዚህ ምክር ቤት ጸድቋል፤ የዕቅዱ አምስት ዓመታትና የምክር ቤቱ ዘመን አንድ ናቸው ማለት ይቻላል። በዚያው ዓመት ሰኔ ውስጥ አምስት ድርጅቶች (ኦነግ፣ ኦብነግ፣ ግንቦት 7፣ አልቃይዳና አልሸባብ) በሽብርተኝነት ተሰየሙ። የከተማ ቦታ ሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 በባለይዞታዎች ዘንድ ብዙ ጥያቄ አስነሥቷል።

ከአገር ውጭ ብዙ የተወራለት ግን የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 ነው። አዋጁ በኢንተርኔት አማካይነት የስልክ ጥሪ ወይም የፋክስ አገልግሎት የሚሰጥ ሰው ከ3 እስከ 8 ዓመት ጽኑ እስራት እንዲቀጣ ይላል፤ አገልግሎቱን የሚያገኘውንም ሰው ተጠያቂ ያደርጋል። ዓለም አቀፍ የዜና ማሰራጫዎች «ኢትዮጵያ ስካይፕን ከለከለች» ብለው ዘገቡ። መንግሥት የታለመው የውጭ ጥሪን ከቴሌ መስመር ውጭ አሳልፈው የሚነግዱትን እንጂ ከዘመዱ ጋር በስካይፕ የሚያወራውን ሰው አይደለም ብሎ አስተባበለ። የአንቀጹ ቃላት ግን ይህን ልዩነት በግልጽ አያስቀምጡም ነበርና ጥርጣሬው መሠረት አልነበረውም አይባልም። እንዲህ ያለ የቃላት ክፍተት በምክር ቤት ክርክር የሚጣራ ጉዳይ ነው።

ሁሉም ውሳኔ ግን የሚያከራክር አልነበረም። ሰኔ 6 ቀን 2005 ዓ.ም. ምክር ቤቱ የዓባይ ተፋሰስ አገሮች የትብብር ማዕቀፍ ስምምነትን በሙሉ ድምፅ አጸደቀ። ስምምነቱ በኢንቴቤ የተፈረመው እ.ኤ.አ. በ2010 ሲሆን፣ ማጽደቁ የመጣው በሕዳሴ ግድቡ ስፍራ የዓባይ ውኃ ፍሰት አቅጣጫ ከተቀየረ ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ነው።

የአባላትን ስም ስለ መፈለግ

የአባላቱን ስም በኮምፒዩተር የሚፈልግ አንባቢ አንድ ነገር ልብ ቢል ይጠቅመዋል። ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸው ፊደላት (ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ) በተለያዩ ሰነዶች ተለዋውጠው ስለሚጻፉ አንዱ ሰው በሁለት ሦስት አጻጻፍ ሊገኝ ይችላል፤ «ኃይለማርያም» እና «ሀይለ ማርያም» ለፍለጋ ፕሮግራም ሁለት የተለያዩ ስሞች ናቸው። «ወልደ» እና «ገብረ» የሚሉትም «ወ/» እና «ገ/» ተብለው ያጥራሉ። አባት ስም እንጂ የቤተሰብ ስም ስለሌለ ዝርዝሩን በራስ ስም ቅደም ተከተል ማስቀመጥ ይሻላል።

ተከታዩ ምክር ቤት

ግንቦት 16 ቀን 2007 ዓ.ም. በተካሄደው ምርጫ ሁለቱ ወንበሮችም ቀሩ፤ ኢሕአዴግ 500፣ አጋሮቹ 47 አግኝተው አምስተኛው ምክር ቤት መስከረም 2008 ዓ.ም. ያለ አንድም ተቃዋሚ ተከፈተ። አራተኛው ምክር ቤት በሽብርተኝነት ከሰየማቸው አምስት ድርጅቶች የሦስቱን፣ ማለትም የኦነግን፣ የኦብነግንና የግንቦት 7ን ስያሜ ሰኔ 28 ቀን 2010 ዓ.ም. ያነሣው ይኸው አምስተኛው ምክር ቤት ነው።