የሙር ጠረጴዛ፦ ስም ከማውጣታችን በፊት እንገልብጠው

ከዕረፍት የተመለሰ አንድ የአይሻ ልጅ በአያቱ ቤት ያየውን ጠረጴዛ በደብተር ወረቀት ላይ ሥሎ ለመኝታ ክፍል ጓደኞቹ አሳየ። ጠረጴዛው ዝቅ ያለ፣ ባለ ስምንት ጎን ነው። በእግሮቹ መካከል በር የመሰለ ቅስት አለው፤ ፊቱ ላይ እንጨቱ ተፈልፍሎ ነጫጭ ኮከቦች ገብተውበታል። ክርክሩ ወዲያው ተነሣ። «የዓረብ ነው» ያለ አለ። «ኧረ የቱርክ ሱልጣን ዕቃ ነው፣ ሚሊዮን ያወጣል» ያለም አልጠፋ። ይህስ ባልከፋ። ነገር ግን አንድ የልዋጭ ነጋዴ ቤቱ ድረስ መጥቶ፣ «ይኼን አሮጌ ስጡኝና አዲስ የፎርማይካ ጠረጴዛ ውሰዱ» ብሎ ነበር። አያቱም መልሱን ያቆዩት «የተማረው ልጅ ይንገረን» ብለው ነው።

ውድ ዕጩ መምህራን! ነገ በምንመደብበት ቀበሌ ሁሉ «የተማረው» መባላችን አይቀርም። ሰው አሮጌ ዕቃውን ይዞ ሲጠይቀን ዝም ብንል ዕቃው በከንቱ ይሄዳል፤ ያለ ዕውቀት ብንናገር ደግሞ ሰውን እናሳስታለን። ስለሆነም እንዲህ ያለው ጠረጴዛ ምን እንደሆነና እንዴት እንደሚለይ ከዚህ በታች ባጭሩ እንመለከታለን።

ስሙ የመጣው ከየት ነው?

በውጭ አገር መጻሕፍት ይህ ዓይነቱ ጠረጴዛ «የሙር ስልት» ይባላል። ሙር ማለት አውሮፓውያን ለሰሜን ምዕራብ አፍሪካና ለእስፓንያ ሙስሊሞች ያወጡት ስም ነው። የእስፓንያ ሙስሊሞች እ.ኤ.አ. ከ711 እስከ 1492 በዚያ ምድር ላይ መንግሥት ነበራቸው። የኮርዶባ መስጊድና በግራናዳ ያለው የአልሐምብራ ቤተ መንግሥት የእነርሱ ሥራዎች ናቸው። በ19ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ እንግሊዛዊው አርክቴክት ኦወን ጆንስ የአልሐምብራን ጌጦች ለክቶና ሥሎ በመጽሐፍ አወጣ። ከዚያ ወዲህ የአውሮፓ ሀብታሞች ቤታቸውን በዚሁ ስልት ማስጌጥ ፋሽን አደረጉት። እ.ኤ.አ. በ1875 በለንደን የተከፈተው የሊበርቲ መደብር ይህን መሰል ዕቃ ይሸጡ ከነበሩት አንዱ ነው። ገበያው ሲደራ የካይሮ፣ የደማስቆ፣ የሞሮኮና የሕንድ አናጢዎች ሁሉ ለዚሁ ገበያ መሥራት ጀመሩ።

ቅርጹ ግን ከፋሽኑ በብዙ ይቀድማል። በካይሮ የእስላማዊ ጥበብ ሙዚየም ለሱልጣን አል ናስር ሙሐመድ የተሠራ፣ ብር የገባበት ባለ ስድስት ጎን የናስ ጠረጴዛ አለ። ሠሪው ሙሐመድ ኢብን ሱንቁር ስሙን ጽፎበታል፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1327/28 ነው። የዕቃው ስም «ኩርሲ» ነው። ሶማልኛ ተናጋሪዎች ዛሬም ወንበርን የሚጠሩበት ቃል መሆኑን ልብ ይሏል።

እንግዲህ «የሙር» የሚለው ቃል የሚነግረን ስልቱን እንጂ የተሠራበትን አገር አይደለም። ስም እንደሚያሳስት ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያሻም። ሐረር ውስጥ «የራምቦ ቤት» የሚባለውን የእንጨት ፎቅ ተመልከቱ። ፈረንሳዊው ባለቅኔ የሞተው እ.ኤ.አ. በ1891 ሲሆን፣ ዛሬ የሚታየውን ፎቅ ያሠራው ከእርሱ በኋላ አንድ የሕንድ ነጋዴ ነው።

የሕንድ ነጋዴ ነገር ለእኛ አካባቢ እንግዳ አይደለም። ከአደን በዘይላ አድርጎ ሐረር በሚገባው የግመል መንገድ የዓረብና የሕንድ ነጋዴዎች ይነግዱ ነበር። ባቡሩ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ሲደርስ ንግዱ ወደ ጅቡቲ አዘነበለ፤ አይሻም የሐዲዱ ጣቢያ ሆነች። ስለዚህ በዚህ መስመር ላይ የተገኘን ጠረጴዛ «ከየት መጣ?» ብለን ስንጠይቅ ደማስቆን ብቻ ሳይሆን ቦምቤይንም ማሰብ አለብን።

እንዴት እንለየው?

ሀ. መጀመሪያ ገልብጡት። ፊቱ ለገዢ የተዋበ ነው፤ ሆዱ ግን አይዋሽም። የቆየ እንጨት ከሥር ቀለሙ አንድ ወጥ አይሆንም፤ አየር ያገኘው ይጠቁራል፣ የተሸፈነው ይነጣል። ሁሉም ቦታ እኩል ቡናማ ከሆነ ሰው ሆን ብሎ ቀብቶት ይሆናል። ከሥሩ ኮምፔንሳቶ ወይም ቺፑድ ካያችሁ የኋላ ዘመን ሥራ ወይም ጥገና ነው።

ለ. ብረቱን መርምሩ። ጭንቅላቱ ላይ የመስቀል ቅርጽ ያለው ቪቴ በገበያ የተስፋፋው እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ ወዲህ ነው። አንድ አዲስ ቪቴ ብቻ ማግኘት ግን ዕቃውን ሐሰተኛ አያሰኘውም፤ አንድ አናጢ ጠግኖት ይሆናላ! ሁሉም አንድ ዓይነት ከሆነ ነው ነገሩ። በእንግሊዝኛ የአገር ስም የተጻፈበት ማኅተም ካለም አስተውሉ፤ አሜሪካ ወደ አገሯ በሚገባ ዕቃ ላይ የተሠራበት አገር እንዲጻፍ በሕግ ያስገደደችው እ.ኤ.አ. በ1890 ነው።

ሐ. በገመድ ለኩት። እንጨት በዘመን ብዛት ሲደርቅ በጭረቱ አግድም ይሸበሸባል እንጂ በጭረቱ ርዝመት እምብዛም አያጥርም። ፊቱ ከደረቅ ሳንቃ ከሆነ በጭረቱ አቅጣጫና በአግድሙ ያለው ልክ ጥቂት ሊለያይ ይችላል።

መ. ነጩን ጌጥ ለዩ። የባሕር ዛጎል ከሆነ ሲነኩት ይቀዘቅዛል፤ ዘወር ሲያደርጉት ሮዝና አረንጓዴ ይጫወትበታል። አጥንት ከሆነ በማጉያ መነጽር ትናንሽ ነጥቦችና ጭረቶች ይታዩበታል፤ የደም ሥር ያለፈባቸው ቀዳዳዎች ናቸው። የዝሆን ጥርስ ነጥብ የለውም፤ በተቆረጠበት ጫፍ ላይ እርስ በርስ የሚቋረጡ ቀጫጭን መስመሮች አሉት። ፕላስቲክ ለብ ያለና ሁሉ ቦታ አንድ ዓይነት ነው። አንዳንዶች በጋለ መርፌ ወጋ አድርጉት ይላሉ፤ ይህ ዕቃውን ማበላሸት ነውና ይቅርባችሁ።

ሠ. ከዚህ በኋላ አገሩን ገምቱ። በዛጎሉ ዙሪያ ቀጭን የብረት ሽቦ ከዞረና እንጨቱ የለውዝ ዛፍ ዓይነት ከሆነ የደማስቆ ሥራ ሊሆን ይችላል። በመሐረጢያ የተሠሩ ጥቃቅን እንክብሎች እንደ መስኮት ፍርግርግ ከተገጣጠሙ የካይሮ እጅ አለበት። በቀለም አበባና ሐረግ ከተሣለ ሞሮኮን አስቡ። ሺሻም ከሚባለው ከባድ ቡናማ እንጨት ሆኖ፣ አጥንት ወይም ናስ ገብቶበት፣ እግሩ በማጠፊያ የሚታጠፍ ከሆነ በፑንጃብ የምትገኘው የሆሺያርፑር ከተማ አናጢዎች ሥራ ይመስላል። እነዚህ በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ ለገበያ በብዛት ተሠርተዋል።

ረ. በመጨረሻ ሰው ጠይቁ። «አዴር፣ ስንት ይሸጡታል?» ብሎ መጀመር ነውር ነው። «አዴር፣ ይህ ከማን እጅ መጣ? ምን ይቀመጥበት ነበር?» በሉ። መልሱን ከነቀኑና ከነቦታው ጻፉ። ያለ ታሪኩ የተሰበሰበ ዕቃ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ፎቶግራፍ ማለት ነው።

ጥንቃቄ

አሮጌ ጠረጴዛ በብርጭቆ ወረቀት አይፋቅ፤ ቫርኒሽም አይቀባ። የዘመኑ ምልክት አብሮ ይፋቃልና። በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ጠርጎ ከፀሐይ ማራቅ ይበቃል። የወለቀ ዛጎል ቢገኝ በፖስታ ውስጥ ተደርጎ ይቀመጥ።

የዝሆን ጥርስ ነገር ደግሞ ቀልድ አይደለም። የአፍሪካ ዝሆን ጥርስ ዓለም አቀፍ ንግድ እንዲታገድ የተወሰነው በጥቅምት 1982 ዓ.ም. ነው። አገራችንም በመጋቢት 2007 ዓ.ም. ከ6 ቶን በላይ የተከማቸ የዝሆን ጥርስ አዲስ አበባ ላይ አቃጥላለች። በተጨማሪም አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይደነግጋል። ያገኘነው ዕቃ ቅርስ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን የምንወስነው እኛ አይደለንም፤ የባህል ጽሕፈት ቤቱን እንጠይቅ። የሐረሩ አብዱላሂ ሸሪፍ ስብስባቸውን በገዛ ቤታቸው ጀምረው፣ ኋላ «ራስ ተፈሪ ቤት» በሚባለው ሕንፃ ሙዚየም ለማድረግ በቅተዋል። መሰብሰብ ማለት መነገድ ብቻ አለመሆኑን ከእርሳቸው መማር ይቻላል።

ለክፍላችን ምን ይጠቅመናል?

ዕቃው ባይኖረን ሥዕሉ ይበቃናል። ሁለት እኩል ካሬዎችን በአንድ እምብርት ላይ አስቀምጣችሁ አንደኛውን 45 ዲግሪ አዙሩት፤ ባለ ስምንት ጫፍ ኮከቡ ይወጣል። ጫፎቹን ስታገናኙ ባለ ስምንት ጎኑን የጠረጴዛ ፊት ታገኛላችሁ፤ እያንዳንዱ የውስጥ ማዕዘን 135 ዲግሪ ነው። ኮምፓስ በሌለበት ትምህርት ቤት ችካልና ሲባጎ ይዞ በአሸዋ ላይ ማስተማር ይቻላል። አሸዋ ደግሞ በአይሻ ሞልቷል!

ወደ ልጁ እንመለስ። በአያቱ ፈቃድ ጠረጴዛው ተገለበጠ። እግሩ የሚታጠፍ ነው፤ አንዱ የናስ ማጠፊያ ተሰብሮ በሽቦ ታስሯል። ነጩ ጌጥ ነጥብ ነጥብ ያለበት አጥንት ነው። ስለዚህ የሱልጣን ዕቃ ሳይሆን የሕንድ አናጢ ለገበያ የሠራው ይመስላል። ልጁም ለአያቱ የነገራቸው ይህንኑ ነው፤ ሚሊዮን ያወጣል አላለም፣ አሮጌ ነውም ብሎ አላጣጣለም። አያቱ ግን ሌላ ነገር ነገሩት፤ ጠረጴዛው ከጅቡቲ በባቡር የመጣው በእናታቸው ሠርግ ጊዜ ኖሯል። የልዋጩ ነጋዴ ሲመለስ ምን እንደሚሉት የሚወስኑት እርሳቸው ናቸው፤ አሁን ግን የሚወስኑት ያላቸውን ዐውቀው ነው።