ከክልሉ የማይወጣ ጭነት

በመንዝ፣ መሐል ሜዳ ገበያ ላይ የተሞላ አይሱዙ ሞላሌን አልፎ ጣርማበር ሲደርስ ከአዲስ አበባ ደሴ አውራ ጎዳና ጋር ይገናኛል። ወደ ደብረ ሲና ቢወርድ ሸዋ ሮቢትን፣ አጣዬንና ከሚሴን አቋርጦ ደሴ ይገባል፤ ከአማራ ክልል ግን አልወጣም። ከሚሴ የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር መቀመጫ ብትሆንም አስተዳደሩ ያለው በዚሁ ክልል ውስጥ ነው። ወደ ደብረ ብርሃን ቢያቀናም ጫጫን እስኪያልፍ ድረስ እዚያው ነው፤ ሸኖ ሲደርስ ኦሮሚያ ገባ። ደብረ ብርሃን የብርድ ልብስ ፋብሪካና የቢራ ፋብሪካዎች ያሏት፣ ሰፊ የበግ ገበያ የሚቆምባት ከተማ ስለሆነች ከመንዙ ጓሳ ዙሪያ የተነሣ ጭነት እስከ ሸኖ ሳይዘልቅ እዚያው ሊራገፍ ይችላል። ታዲያ ከክልሉ የማይወጣው መኪና የሚገብረው ለማን ነው? ምን ፈቃድስ ያስፈልገዋል?

መልሱ የሚጀምረው ነሐሴ 15 ቀን 1987 ዓ.ም. ከጸናው ሕገ መንግሥት ነው። አንቀጽ 51 ሁለትና ከዚያ በላይ ክልሎችን የሚያገናኙ ዋና ዋና መንገዶችን ለፌዴራል መንግሥት ሰጥቷል። አንቀጽ 97 ደግሞ በክልሉ ውስጥ የሚነግዱ ግለሰብ ነጋዴዎችን ግብር ለክልሉ ይተዋል። ስለዚህ ከመሐል ሜዳ ወደ ደሴ የሚሄደው የግለሰብ ነጋዴ መኪና ከጣርማበር ጀምሮ የሚሮጠው በፌዴራል መንገድ ላይ ሆኖ ሳለ ግብሩ የክልሉ ነው። ብዙ ሰው ግብሩን የሚወስነው መኪናው የክልሉን ወሰን ማለፉ አለማለፉ ይመስለዋል። ከዚያ ይልቅ ወሳኙ የባለቤቱ ማንነት ነው። አይሱዙው የአንድ የመሐል ሜዳ ነጋዴ ከሆነ ግብሩ ለክልሉ ይገባል። ያው መኪና ያንኑ ገብስ ጭኖ፣ ባለቤቱ ግን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ቢሆን፣ አንቀጽ 98 የትርፍ ግብሩን የፌዴራልና የክልሉ የጋራ ያደርገዋል። ምጣኔውም ይለያያል፤ ድርጅት ከትርፉ 30 በመቶ ሲከፍል ግለሰቡ እንደ ገቢው ከፍታ እስከ 35 በመቶ ይደርሳል። አንድ መኪና ይዘው በማኅበር እንደራጅ የሚሉ ወንድማማቾች ይህን ቀድመው ቢያሰሉት ይበጃቸዋል።

ወረቀቶቹ ያሉት ሾፌሩ ከጋቢናው የፀሐይ መከላከያ ሥር በሚያወጣት የላስቲክ ከረጢት ውስጥ ነው። ከሁሉ በላይ የምትቀመጠው ሊብሬ ናት፤ የመኪናውን የሻንሲና የሞተር ቁጥር፣ የባለቤቱን ስም፣ የተፈቀደለትን የጭነት ልክ ይዛለች። ትራፊክ ሲያስቆም መጀመሪያ የሚያየው መንጃ ፈቃድ ለደረቅ ጭነት የሚሆን መሆን አለበት፤ በሕዝብ መንጃ ፈቃድ በግ አይጫንም። ከመስተዋቱ ላይ ሁለት ነገሮች ተለጥፈዋል። አንደኛው ቦሎ ነው፤ መኪናው በዓመቱ ተመርምሮ ማለፉን ያሳያል፤ መሠረቱም የ2002ቱ አዋጅ ቁጥር 681 ነው። ሁለተኛው የሦስተኛ ወገን መድን ነው፤ በ2005 በወጣው አዋጅ ቁጥር 799 የታዘዘ። የመንዝን ቁልቁለት የሚያውቅ ሰው ፍሬን የሚመረመርበትን ያን አንድ ቀን እንደ ባከነ ቀን አይቆጥረውም። ታርጋውም ይናገራል፤ ለብዙ ዓመታት አረንጓዴው ኮድ 3 የንግድ መኪና መሆኑን፣ «አማ» የሚለው በክልሉ መመዝገቡን ሲያሳይ ኖሯል፤ በፌዴራል የተመዘገቡት ደግሞ «ኢት» የሚል ነበራቸው።

የንግድ ፈቃዱን ማሳደሻ ሐምሌ 1 ይከፈታል፤ የግብሩም ዓመት የሚጀምረው ያን ቀን ነው። ሌላ ክፍያ ደግሞ አለ፤ ባለመኪናው ልብ ሳይለው ናፍጣ በቀዳ ቁጥር የሚከፍለው። በ1989 የተቋቋመው የመንገድ ፈንድ ከነዳጅ ላይ የሚሰበሰበውን ገንዘብ ለመንገድ ጥገና ያውላል።

ይህ ሁሉ የመኪናው ነው። ጭነቱም የራሱ ፈቃድ አለው። የባሕር ዛፍ አጠና የደን ውጤት ስለሆነ የማዘዋወሪያ ወረቀት ይፈልጋል፤ በግ ሲጓጓዝ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ማረጋገጫ ይጠየቃል። መንዝ ለዚህ ዓይነቱ ሥርዓት እንግዳ አይደለም። ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለገሳ የሚሆነው የጓሳ ሣር ቄሮ በሚባለው ሥርዓት እስከ 5 ዓመት ሊዘጋ ይችል ነበር። የአስቦና የጌራ ወገኖች የመረጧቸው አለቆች «ተከፍቷል» ሳይሉ አንድ ሸክም ከዚያ አይወጣም ነበር። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን አፈረሰው፤ ሆኖም ጓሳን እስከ ዛሬ ያቆየው ቦታውን በጋራ የመጠበቅ ልማድ መሆኑን በቅርብ የሚያውቁት ሁሉ ይመሰክራሉ። ያ ፈቃድ የተከበረው ምክንያቱን እያንዳንዱ አጫጅ ስለሚያውቀው ይመስለኛል፤ ሣሩ ካላረፈ አያድግም።

ምክንያቱ የማይታወቅ ፈቃድ ምን እንደሚያደርስ ደግሞ ደርግ አሳይቶናል። በ1968 የተቋቋመው የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ከገበሬው በኮታ በቁርጥ ዋጋ ይገዛ ነበር። በየመንገዱ የቆሙት ኬላዎች እህል ከአውራጃ አውራጃ እንዳይሻገር ይጠብቁ ነበር፤ በጎጃምና በአርሲ የግል ነጋዴ እህል ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር እንዳያወጣ እስከ መከልከል ተደረሰ። ትርፍ ባለበት አገር ዋጋው ወደቀ፤ እጥረት ባለበት ናረ። መጋቢት 1982 ኮታው ቀርቶ ኬላው ሲነሣ በአገሪቱ መንገዶች ላይ እህል እንደ ልብ መጓዝ ጀመረ።

ኬላ ግን ጨርሶ አልጠፋም። ዛሬ ሕግ የሚያውቀው ኬላ አለ፤ ጭነትን ይፈትሻል፣ የወጣ ግብርን ይቆጣጠራል፣ ደረሰኝ ይሰጣል። አንድ ከተማ በምክር ቤቱ አጽድቆ የሚያስከፍለው የኮቴ ክፍያም በደረሰኝ እስከሆነ ድረስ መልስ አለው። ከዚህ ውጭ ገመድ ተዘርግቶ ሾፌሩ እጁን ወደ ኪሱ የሚሰድበት ኬላ አለ። ሕገ ወጥ ኬላ ይነሣ የሚለው መመሪያ ስንት ጊዜ ተነግሯል፤ ግጭት በክልሉ ከሰፋ ወዲህ ደግሞ መንገዱ ለሾፌርና ለረዳት እጅግ ከብዷል፤ ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ሕይወትም የሚከፈልበት ሆኗል። ይህን በዝምታ ማለፍ አይገባም። ግብር በሕግ ይጣላል፤ በአንቀጽ 97 ላይ ገመድ የሚባል ገቢ የለም።

የገመዱ ጉዳት ሁለት ጊዜ ነው። ሒሳብ የሚይዝ ባለመኪና የበጀት ዓመቱ ተዘግቶ ገቢዎች ጽሕፈት ቤት ሲቀርብ ለናፍጣ፣ ለጎማና ለመድን ያወጣው በደረሰኙ ተይዞ ከገቢው ይቀነስለታል። በየገመዱ የከፈለው ግን ደረሰኝ ስለሌለው እንደ ትርፍ ይቆጠርበትና ያላገኘውን ብር ይገብርበታል።