ከሩቅ ሆኖ በጉባኤ ስለ መማር
(ጥቅሙና ችግሩ በቤይሩት እንደ ታየ)

ጉባኤ ያለ ጥያቄና መልስ ጉባኤ አይባልም። መምህር ቃሉን ይሰጣል፥ ተማሪም ይቀበላል፤ ነገር ግን ቃሉ በተማሪው ልቡና ሥር የሚሰደው ሲጠየቅበት፥ ሲከራከርበትና ከጓደኛው አሳብ ጋራ ሲያስተያየው ነው። ይህ ሁሉ ጥንት በአንድ ቦታ በመሰብሰብ ይፈጸም ነበር። ዛሬ ግን ተማሪዎች በየቤታቸው ሆነው በኢንተርኔት ስለሚወያዩ፥ የዚህን ሥርዓት ጥቅምና ችግር መመርመር ይገባል።

ለዚህም ምርመራ ቤይሩት ከነዳርቻዋ መልካም ምሳሌ ናት። የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ በ1866፥ የቅዱስ ዮሴፍ ዩኒቨርሲቲ በ1875፥ የሊባኖስ ዩኒቨርሲቲም በ1951 ዓ.ም. የተመሠረቱባት የትምህርት ከተማ ናትና (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው)። በ2020 ዓ.ም. በፌብሩዋሪ መጨረሻ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ከዚያም አንዳንዱ መምህር በማይክሮሶፍት ቲምስ፥ ብዙውም በዋትስአፕ ማስተማር ጀመረ፤ ቴሌ ሊባንም ትምህርት በቴሌቪዥን አሰማ። ዳሩ ግን ቴሌቪዥን ይናገራል እንጂ አይሰማም፤ ጥያቄና መልስ የሚገኘው በውይይት ብቻ ነው።

ይህም ውይይት ሁለት ዐይነት ነው። አንደኛው ሁሉም በአንድ ሰዓት ተገናኝተው በድምፅና በመልክ የሚያደርጉት ነው። ሁለተኛው በጽሕፈት የሚደረግ ሲሆን፥ አንዱ በጧት የጻፈውን ሌላው በማታ አንብቦ ይመልሳል።

የጽሕፈቱ ውይይት ጥቅም የቅኔ ቤትን ሥርዓት ለሚያውቅ ሰው ግልጽ ነው። የቅኔ ተማሪ ብቻውን ተቀምጦ ቅኔውን ይቈጥራል፤ ሲበስልለትም ለመምህሩ ይነግራል። እንዲሁም በጽሕፈት የሚወያይ ተማሪ አሳቡን አብስሎ ያቀርባል። በጉባኤ መካከል ዐይነ አፋር የሆነው፥ ወይም ትምህርቱ የሚሰጥበት ፈረንሳይኛና እንግሊዝኛ ገና ያልሰላለት ልጅ ከአንደበተ ርቱዑ ጋራ እኩል ይሰማል። የተጻፈውም ስለማይጠፋ ተመልሶ ይነበባል።

ችግሩም ብዙ ነው። በ2021 ዓ.ም. የመንግሥት መብራት በቀን ለጥቂት ሰዓት ብቻ ይመጣ ነበር፤ በኦክቶበር 9 ቀንም ሁለቱ ታላላቅ የኤሌክትሪክ ማመንጫዎች ነዳጅ አልቆባቸው አገሪቱ ጨለመች። የሊባኖስ ገንዘብ ዋጋው ስለ ወደቀ ለሰፈር ጄኔሬተር የሚከፈለውን ማግኘት ለድኻ ከበደ። አንዱን ስልክ ሦስት ወንድማማች ሲካፈሉት፥ የአንዱ ትምህርት የሌላው ዕረፍት ይሆናል። በ2024ቱ ጦርነትም የደቡብ ዳርቻው ሰፈር ሲደበደብ ብዙ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የተፈናቃዮች መጠለያ ሆኑ።

እንግዲህ አንባቢ ይህን ልብ ይበል፦ የድምፁ ውይይት መብራት ለሁሉም በአንድ ሰዓት እንዲኖር ይፈልጋል፤ የጽሕፈቱ ግን መብራት እስኪመጣ ይታገሣል፥ ወጪውም ጥቂት ነው። ሆኖም የጽሕፈቱም ጕድለት አለው። መምህሩ የተማሪውን ፊት ስለማያይ፥ ያልገባውን ከገባው አይለይም፤ ሰነፉ የጓደኛውን ቃል ገልብጦ ያቀርባል፤ ፊት ለፊት የማይነገር ክፉ ቃልም በጽሕፈት ይደፈራል።

ነገሩ በቤይሩት ላሉ ኢትዮጵያውያት የቤት ሠራተኞችም ይነካል። ከፋላ በሚባለው ሥርዓት የመኖሪያ ፈቃዳቸው በአሠሪያቸው ስለ ታሰረ፥ ከቤት መውጣት የማይፈቀድላት ብዙ ናት። ለእንደዚህ ያለችው እኅት ቋንቋ ወይም ሙያ ለመማር የሚቀራት መንገድ ስልኳ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ሥራዋን ጨርሳ በሌሊት የምታነበው መልስ ለእርስዋ ጉባኤዋ ነው። ስልኩ ከተወሰደባት ግን ጉባኤው ተፈታ።

ስለዚህ መምህር በጽሕፈት ሲያወያይ ጥያቄው ምክንያትን የሚያስፈልግ ይሁን፤ ማኅበሩ ጥቂት ሰው ይሁን፤ እርማቱም አይዘግይ። ዝም ያለውንም ተማሪ «ሰነፍ ነው» ከማለቱ አስቀድሞ መብራት እንዳለውና እንደሌለው ይጠይቅ። መገናኘት በተቻለ ጊዜም ፊት ለፊት ያገናኛቸው፤ በጽሕፈት የተጀመረው ትምህርት በቃል ተፈትኖ ይጸናልና።